ካቻቢቴው ይቆይ

ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የባሕር ዛፍ ግንድ የተከመረባቸው ግቢዎች አሉ። አጣናው ለብቻ፣ ቋሚው ለብቻ፣ ለማገዶ የሚሸጠው ፍልጥም ለብቻ ተለይቶ ይደረደራል። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶና ቤት መሥሪያ ተብሎ ከገባ ወዲህ ይህ አካባቢ ከእርሱ ጋር ኖሯል። ድሮ ሥራው የምሳርና የሁለት ሰው መጋዝ ነበር። ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ የሚሰማው የሞተር መጋዝ ነው።

ከግቢዎቹ ፊት ለፊት ባለች አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ ያለው ጩኸት ግን ሌላ ዓይነት ነው። እዚህ የሚመጡት መጋዞች ወይ አይነሡም፣ ወይ ተነሥተው ያስላሉ፣ ወይ ግንዱን ሲነኩ ትንፋሽ አጥሯቸው ቀጥ ይላሉ። የጋራዡ ባለቤት በሞተር ሳይክልና በውሃ ፓምፕ ጥገና ያረጁ፣ ቱታቸው ከዘይት ብዛት የመጀመሪያ ቀለሙ የጠፋ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኛም እንደ ሰፈሩ እንጠራቸዋለን።

አንድ ወጣት ቆራጭ ብርቱካንማ መጋዙን የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ካርቡሬተሩ ነው። ጉልበት የለውም። ትንሽ ያዙሩልኝ።»

ጋሼ ካርቡሬተሩን አላዩትም። ጎንበስ አሉና ከልጁ ሱሪ እጥፋት ላይ የተጣበቀውን ሰጋቱራ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት።

«ዱቄት ነው» አሉት። «ሞተሩ ምን አደረገ? ሰንሰለቱ ዶልዱሟል።»

ልጁ ክርክር አላጣም። ሞተሩ እንደሚጨስ፣ ግንዱ ላይ ሲጫነው ድምፁ እንደሚወርድ፣ የወንድሙ መጋዝ እንዲህ እንደማያደርግ ዘረዘረ። ጋሼ ሰንሰለቱን ወደ ብርሃን አዞሩት። የጥርሱ ጫፍ ላይ ነጭ መስመር ያበራል። የተሳለ ጥርስ ጫፍ ብርሃን አይመልስም፤ የሚያበራው የደነዘ ጠርዝ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ መከራከሪያ አላስፈለገም።

ወደ ጋራዡ ከሚመጡት ቅሬታዎች ምን ያህሉ በሰንሰለት እንደሚያልቅ የቆጠረ የለም። ለምን እንደሚበዛ ግን ግልጽ ነው። ቆራጩ የሚሰማው ሞተሩን ነው። መጋዙ አልቆርጥ ሲል እጁ የሚሄደው ወደሚጮኸው ክፍል እንጂ በዝምታ ወደሚሽከረከረው ብረት አይደለም። የደነዘ ሰንሰለት ደግሞ ሞተሩን በእውነት ያሳምመዋል። ቆራጩ በክንዱ ይጫነዋል፣ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፣ ይግላል። እንግዲህ «ጉልበት የለውም» የሚለው ሐሰት አይደለም፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው እንጂ።

የዛሬው ሰንሰለት ጥርስ ቅርፅ ከአንድ ትል የተወሰደ መሆኑን የሚያውቅ ቆራጭ ብዙ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆሴፍ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ በኦሪገን ግዛት ጫካ ውስጥ የጥንዚዛ እጭ ጉቶ ሲበላ አየ። እጩ መንጋጋውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቀ፣ እንጨቱን በጭረቱ ርዝመትም በአግድሙም ያለ ችግር ይበላዋል። እስከዚያ ድረስ የሰንሰለት መጋዝ ጥርስ እንደ እጅ መጋዝ የሚፈገፍግ፣ በየጊዜው መሞረድ የሚሻ ነበር። ኮክስ በዓመቱ አንዱ ጥርስ በግራ፣ ተከታዩ በቀኝ ከንፈሩን አጥፎ እንጨቱን የሚቀርፍበትን ሰንሰለት ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ሱሉልታ ላይ የሚዞረውም ይኸው ነው። ስለዚህም ጥሩ ሰንሰለት የሚተፋው ሰፋ ሰፋ ያለ ፍቅፋቂ ነው፤ ዱቄት ከተፋ መቅረፍ ትቶ መፋቅ ጀምሯል ማለት ነው።

አሳሳሉ ሙያ እንጂ ምስጢር አይደለም። ክብ ሞረዱ ከጥርሱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ለትንንሾቹ ሰንሰለቶች 4 ሚሊ ሜትር፣ ለመካከለኞቹ 4.8፣ ለትልልቆቹ 5.2 ወይም 5.5። ሞረዱ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ ሲመለስ ይነሣል። ለአብዛኞቹ ሰንሰለቶች የሚያዘው ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። በግራ ያለው ጥርስ ሦስት ጊዜ ከተሞረደ በቀኝ ያለውም ሦስት ጊዜ፤ አለበለዚያ መጋዙ ግንዱ ውስጥ እየተጣመመ ይሄዳል፤ ባለቤቱም «ባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት) ጎብጧል» ብሎ አዲስ ባር ይገዛል። ከየጥርሱ ፊት ያለችው ትንሽ ጉብታ ደግሞ ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚነክስ የምትወስን ናት። ጥርሱ በሞረድ እያነሰ ሲሄድ እርሷም መውረድ አለባት፤ ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለቷ ለብዙ ሰንሰለት ይበቃል። ጥርሱን እየሳሉ ጉብታዋን የሚረሱ ሰዎች ምላጭ የሆነ ሰንሰለት ይዘው እንጨት አልቆርጥ ሲላቸው ግራ ይጋባሉ።

የሚያደነዝዘው ባሕር ዛፉ ብቻ አይደለም። በበሬ ወይም በገመድ መሬት ለመሬት የተጎተተ ግንድ ልጡ ውስጥ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ከሥር ያለ ድንጋይ አንዴ መንካት ደግሞ የጠዋቱን ስለት ያጠፋዋል።

እግረ መንገድ ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። ሰንሰለቱ ከባሩ ሥር ሳይንጠለጠል በእጅ ሲሳብ (ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ) በቀላሉ መሄድ ይኖርበታል፤ ከመጠን በላይ የተወጠረ ሰንሰለት የሞተሩን ጉልበት ይበላል። ፍሬኑ በከፊል ተይዞ መቅረቱም እንዲሁ። ሌላው የባሩ ዘይት ነው። በየጋራዡ የሚገኘው የመኪና የተቃጠለ ዘይት ነጻ ስለሆነ ይወደዳል። ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፤ ትንሿን የዘይት ፓምፕና ባሩን ይበላል፤ ሲቆረጥ በተፈናጠረ ቁጥር የሚያርፈውም ቆራጩ ፊትና እጅ ላይ ነው። ይህን ቁጠባ ማለት ይከብደኛል። ዘይቱ በትክክል መውጣቱን ለማወቅ የባሩን ጫፍ ደረቅ ካርቶን ላይ አነጣጥሮ ነዳጅ መስጠት ነው፤ ካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ካልተሳለ ቀዳዳው በሰጋቱራ ተደፍኗል።

የልጁ መጋዝ ሰንሰለቱ ተስሎ፣ የባሩ ቦይ ተጠርጎ ወጣ። ጉቶ ላይ ሲሞከር ፍቅፋቂው ጫማው ላይ ተከመረ። ካርቡሬተሩን ማንም አልነካውም።

ሰንሰለቱ ተስሎም ሞተሩ የሚደክም ከሆነ ነው ነገሩ ወደ ሞተር የሚሄደው። እዚያም የጋሼ ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ ነው፤ መጀመሪያ ነዳጁ፣ ከዚያ አየሩ፣ ከዚያ ካንዴላው፣ በመጨረሻ ካርቡሬተሩ። ደንበኛው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ካቻቢቴ ርካሽ ነው፤ የካርቡሬተሩ ቪቴዎችም ከውጭ ስለሚታዩ ይጣራሉ።

ነዳጁን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጋሼ ታንከሩን ወደ አንድ ባዶ ሃይላንድ ገልብጠው መስኮቱ ላይ ያቆሙታል። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር የሚሸጠው ዘይት ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ስለሚጨመርበት ድብልቁ ቀለም አለው። ውሃ ካለበት ቀለም አልባ ሆኖ ከሥር ይተኛል። ማደያ በሌለበት ከተማ ቤንዚን በመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ይሸጣል፤ ጀሪካኑ ከዚያ በፊት ምን እንደያዘ ሻጩም አያውቅም። አንዳንዱ ላምባ ይቀላቅልበታል። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኢታኖል 5 በመቶ እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ በኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን እርጥበት ይስባል፤ የድሮ ጎማዎችንም ያደርቃል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ባይቀመጥ ይመረጣል። ክረምቱን ሙሉ ታንከሩ ውስጥ የከረመ ነዳጅ ተንኖ የሚተወው ሙጫ ከካርቡሬተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አንዱን ለመድፈን በቂ ነው።

የዘይቱ ልክ ሌላው የክርክር ምንጭ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም፤ ፒስተኑን፣ ሲሊንደሩንና ኩሽኔታዎቹን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የገባው ዘይት ብቻ ነው። ጥሩ ደረጃ ያለው የባለ ሁለት ምት ዘይት ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ይበቃዋል፤ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። መመሪያቸው 25 ለ1 የሚል ማሽኖች አሉ፤ እነሱ በ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይፈልጋሉ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ትልቅ ሲሪንጅ ይህን ሁሉ ይፈታል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው በክዳን ይለካል፣ ወይም በዓይኑ። «ዘይት ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚለው አስተሳሰብም አለ። ይጎዳል። ዘይት በበዛ ቁጥር በዚያው ጠብታ ውስጥ ያለው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካርቦኑ ማርሚታው ውስጥ ይጋገራል። የመኪና ሞተር ዘይት መቀላቀል ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ እንዲቃጠል አልተሠራምና።

በዚያው ቀን ከመጡት አንዱ መጋዝ ስሙን የሚያስጠራ በሽታ ነበረው። በደንብ ይነሣል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆርጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ትንሽ ሲያርፍ እንደገና ይነሣል። ባለቤቱ ቦቢና ቀይሮለታል፤ ሌላ ጋራዥ ደግሞ ካርቡሬተር ቀይሮለታል። ጋሼ ሞተሩ ሊሞት ሲንፈራገጥ የነዳጁን ክዳን ፈታ አደረጉት። ፍስስ የሚል የአየር ድምፅ ተሰማ፤ ሞተሩም ወዲያው ዙሩን አገኘ። ታንከሩ ነዳጁ ሲቀንስ አየር የሚያስገባበት ትንሽ መተንፈሻ አለው። እርሱ ከተደፈነ ውስጡ ባዶ ግፊት ይፈጠርና ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተሩ መሄዱን ያቆማል። በሦስት ደቂቃ ጠረጋ የሚድን ነገር ሁለት መለዋወጫ አስገዝቷል።

ክዳኑ ተፈትቶም የማይድን ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ያለችው የነዳጅ ፊልትሮ ትታያለች። ጫፉ በተጠመዘዘ ሽቦ ከነቱቦዋ ተስባ ትወጣለች። ጠቁራ ከሆነ ትቀየራለች፤ ርካሽ ናት። ቱቦው ላይ የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ሞተሩ ከነዳጅ ጋር አየር ይስባል፤ ቀጥ ብሎ ሲያዝ የሚሠራው መጋዝ በጎኑ ሲዘነበል የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የአየር ፊልትሮውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ማንም አያጥበውም። ወይም በኮምፕሬሰር ከውጭ ወደ ውስጥ ነፍቶ ብናኙን የባሰ ያሰርገዋል። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ መመለስ ነው ያለበት። ከዚህ ይልቅ የሚረሳው የማርሚታው መረብ ነው። የእሳት ፍንጣሪ እንዳይወጣ ማርሚታው አፍ ላይ የተገጠመ ቀጭን የሽቦ ወንፊት አለ፤ በካርቦን ሲደፈን ሞተሩ የበላውን ማስወጣት ያቅተዋል። ይነሣል፣ ሚኒሞ ላይ ደህና ይቆማል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ግን አያድግም። ጋሼ መረቡን ፈትተው በፒንሳ ይዘው፣ ቤንዚን ከሚታጠብበት ገንዳ ርቆ፣ ሻይ በተጣደበት የከሰል ምድጃ ላይ አነደዱት። ጥቁሩ ግግር ቀልቶ አመድ ሆነ፤ በሽቦ ብሩሽ ሲመታ ረገፈ።

ካንዴላው ደግሞ ምስክር ነው። ተፈትቶ ሲታይ የጫፉ ቀለም ቡና ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ነዳጅ ወይም ዘይት በዝቷል። ነጭ ሆኖ ከተገኘ ነዳጅ አንሶ ሞተሩ ግሏል፤ ይህ ነው የሚያስፈራው። የጫፉ ክፍተት በአብዛኛው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ጥሩ ብልጭታ ሰጥቶ ሲግል የሚያጠፋ ከሆነ ያኔ ቦቢና ቢጠረጠር ያስኬዳል፤ ከቮላኖው ጋር ያለው ክፍተትም 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ካርቡሬተሩ።

የመጀመሪያዎቹ የሞተር መጋዞች አንድ ሰው የሚሸከማቸው አልነበሩም። ጀርመናዊው አንድሪያስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው የቤንዚን መጋዝ 46 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ሁለት ሰው ይይዘዋል። ካርቡሬተሮቹም የመኪናው ዓይነት፣ ውስጣቸው ተንሳፋፊ ያላቸው ስለነበሩ መጋዙ ሲጋደም ነዳጁ ይፈስሳል ወይም ይቋረጣል። ዛፍ ለመጣል ደግሞ መጋዙ መጋደም አለበት። ይህን የፈታው በስስ ጎማ የሚሠራው ካርቡሬተር ነው። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል በሥሩ የሚፈጠረው የግፊት መፈራረቅ በትንሽ ቱቦ መጥቶ ስሱን ጎማ ያርገበግበዋል፤ ጎማውም ነዳጅ ይስባል። መጋዙ በጎኑም ተገልብጦም ይሠራል። በሌላ በኩል ግን ያቺ ቱቦ ከተሰነጠቀች ወይም ጎማው ደርቆ ከጠነከረ የሚያስተካክለው ቪቴ የለም። የድሮውን የጎማ ክፍል ከነጓርኒሲዮኑ መቀየር ነው።

ቪቴዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ሚኒሞውን ብቻ ይገፋል። «ኤል» የሚል ፊደል ያለበት ለዝቅተኛ ዙር፣ «ኤች» ያለበት ለከፍተኛ ዙር የሚገባውን ነዳጅ ይመጥናል። በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነዳጅ ይቀንሳል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጨምራል። መነሻው ለብዙ ካርቡሬተሮች ሁለቱንም ቀስ አድርጎ ዘግቶ አንድ አንድ ሙሉ ዙር መክፈት ነው። ከዚያ «ኤሉ» ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ሳይንገራገጭ እንዲነሣ ይስተካከላል፤ ሚኒሞው ደግሞ ሰንሰለቱ ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ሳይሞት እንዲቆም። ሚኒሞ ላይ ሰንሰለቱ የሚዞር መጋዝ ሥራ ላይ መዋል የለበትም፤ ቪቴውን አውርዶ ካልቆመ የፍሪሲዮኑ ሞላ ደክሟል። ዙሩ በራሱ የሚወጣና የሚወርድ፣ ቪቴ ቢዞርም የማይታዘዝ ሞተር ግን አንድ ቦታ አየር እየሰረቀ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፓራኦሊው ወይም ከካርቡሬተሩ ሥር ካለው ጎማ።

«ኤቹ» ላይ ነው ገንዘብ የሚጠፋው።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይመጣል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን የሚያልፈውን አየር ሳይመዝን በስፋቱ ብቻ እየተከተለ ነዳጅ ያቀርባል። ባሕር ጠለል አጠገብ የተስተካከለ መጋዝ እንጦጦ ሲወጣ እንጀራው አንሶ ወጡ እንደበዛበት ማዕድ ይሆናል። ነዳጁ ይተርፋል፣ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላውና መረቡ ይጠቁራሉ። ከሳጥኑ የወጣ አዲስ መጋዝ «ገና ከመጀመሪያው ጉልበት የለውም» የሚባለው በአብዛኛው ስለዚህ ነው። ከፊሉ ስሞታ ደግሞ በማንም ካቻቢቴ አይድንም። ቃጠሎው በሳሳ አየር ስለሆነ ባለ አራት ፈረስ ጉልበት ማሽን ደጋ ላይ የሦስት ያህል ነው የሚሆነው፤ ይህን ሻጩ አይነግርም። ነዳጁን በራሳቸው የሚመጥኑ ኮምፒውተር ያላቸው ካርቡሬተሮች በትልልቆቹ አምራቾች ውድ መጋዞች ላይ ወጥተዋል፤ ሱሉልታ ግቢዎች ውስጥ ያሉት ግን በካቻቢቴ የሚታዘዙት ናቸው።

ስለዚህ ደጋ ላይ «ኤቹን» ትንሽ መዝጋት ትክክል ነው። ችግሩ የት ማቆም እንዳለበት ነው። ጋሼ የሚያዳምጡት እንዲህ ነው። መጋዙ ግንድ ሳይነካ እስከ መጨረሻው ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ መጠነኛ ሻካራነት ሊኖረው ይገባል፤ ግንድ ውስጥ ገብቶ ጭነት ሲያገኝ ያ ሻካራነት ይጠፋና ይጠራል። ጭነት ሳይኖርበት ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ተዘግቷል፤ ነዳጅ አንሶታል። እውነቱን ለመናገር ያ ፉጨት ያስደስታል። ኃይለኛ ይመስላል። ባለቤቱ «አሁን ሆነ!» ብሎ ከፍሎ የሚሄደው እርሱን ሲሰማ ነው። ነገር ግን ነዳጅ ሲያንስ አብሮት የሚገባው ዘይትም ያንሳል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውም ያንሳል። አሉሚኒየሙ ፒስተን ይግላል፣ ያብጣል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ መላስ ይጀምራል።

ሦስተኛው መጋዝ ከአፋር ነበር የመጣው። ባለቤቱ ሰንዳፋ አካባቢ ግንድ ይነግዳል፤ በበጋ ደግሞ ፕሮሶፒስ ለማስቆረጥ ሠራተኞቹንና መጋዞቹን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ገዋኔ ይወርዳል። ፕሮሶፒስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ መካከለኛው አዋሽ ላይ ከተተከለ በኋላ የግጦሹን መሬት የወረረ፣ እንጨቱ ጠንካራ፣ እሾሁም ክፉ ዛፍ ነው። መጋዙ ከመውረዱ በፊት ደጋ ላይ «በደንብ ተስተካክሎ» ነበር፤ እንዲያፏጭ ተደርጎ።

ገዋኔ 600 ሜትር አካባቢ ናት። የቆላው ሙቀት አየሩን በተወሰነ ደረጃ ቢያሳሳውም ከሱሉልታው ጋር ሲነጻጸር አምስተኛ ያህል ይበልጥ የታመቀ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ አየር ይገባል፤ ነዳጁ ግን ደጋ ላይ በተዘጋበት ልክ ነው። ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን በመጋዙ ጉልበት ተደስቶ እንደነበር ባለቤቱ ነገረን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እየቆረጠ ሳለ ዙሩ ወረደ፣ ቆመ፣ ገመዱም አልሳብ አለ። ሲቀዘቅዝ ገመዱ ቢላቀቅም መጋዙ ዳግመኛ አልተነሣም።

«ካርቡሬተሩ ይሆን?» አለ ሰውዬው።

ጋሼ ማርሚታውን የያዙትን ብሎኖች ፈትተው አወጡት። ከኋላው በጭስ መውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስተኑ ይታያል። የስልካቸውን መብራት አበሩና ገመዱን ቀስ ብለው ሳቡ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ጎኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ቀጥ ባሉ ጭረቶች ተፍቋል፤ ብረቱ አንዳንድ ቦታ ቀልጦ ተለጥፏል፤ ፋሻው ቦዩ ውስጥ ተጣብቆ አይንቀሳቀስም። ሰውዬውም አየ። ገመዱ ሲሳብ የሚሰማው ተቃውሞም የለም፤ መጋዙን በገመዱ እጀታ ብድግ ሲያደርጉት በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ወረደ። ደህና እመቃ ያለው መጋዝ እንዲህ በቀላሉ አይወርድም።

ጋሼ ፍርዳቸውን አጭር አደረጉት። ሲሊንደርና ፒስተን ይቀየራል፤ ፓራኦሊዎቹም አብረው። መጋዙ ርካሽ ከሆነ አዲስ መግዛት ሊሻል ይችላል፤ ይህኛው ግን ይጠገናል። አዲሱን ፒስተን ገጥመው ሲጨርሱ «ኤቹን» ከለመዱት በላይ ከፈት አድርገው አስረከቡት፤ ቆላ ወርዶ እንዲስተካከል።

ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ መጋዝ ደንቡ ይኸው ነው። ሲወርድ «ኤቹ» ከመጀመሪያው ግንድ በፊት ሩብ ዙር ያህል ወደ ግራ ይከፈት፤ እዚያው ቦታ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ፊልትሮው ታጥቦ፣ ሰንሰለቱ ተስሎ ነው ልኩ የሚፈለገው። ሲመለስ ጭስ ቢበዛበት ማንም አይሞትም፤ ጭስ ፒስተን አይፈቅም። ቪቴዎቹ ስንት ዙር እንደተከፈቱ ማርከር ይዞ የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ መጻፍም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መጋዝ አስመጪዎችና ሻጮችም አንድ ነገር ቢያደርጉ ብዙ ሲሊንደር ይተርፋል። ከማሽኑ ጋር በሳጥን የሚመጣው መመሪያ ወይ በቻይንኛ ነው፣ ወይ ቆራጩ በማያነበው እንግሊዝኛ። የዘይቱ ልክ፣ የሞረዱ ቁጥርና ከፍታ ሲቀየር «ኤች» ወዴት እንደሚዞር የሚናገር አንድ ገጽ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አሳትማችሁ ከየሳጥኑ ጋር ስጡ።